በክላርኔቱ ገጽ ግርጌ

ርክክቡ ሦስት ቀን ፈጀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ኖታ ገልባጭ ሆኜ የሠራሁበትን ክፍል፣ ከነመደርደሪያው ከነአቧራው፣ ላፕቶፕ ለታቀፈች አንዲት ወጣት አስረከብኩ። ጨዋ ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ አልቸኮለችብኝም። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እያወረደች «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ በእጅ ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

«አይ፣ በእግር ነው» አልኳት።

ሳቀች። በሦስተኛው ቀን በተራዋ የራሷን ሥራ ልታሳየኝ ፈለገችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። የሠላሳ መሣሪያ ኖታ ተደርድሯል። «ዘፋኙ ከፍ አለብኝ ቢል እንዲህ ነው» ብላ አንዲት ቁልፍ ነካች። የሠላሳውም ኖታ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ዝቅ አለ። የተረሳ ገጽ የለም፣ የቀረ መስመር የለም።

«ጎበዝ» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። አዳራሹ ደጃፍ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጅ እየተመላለሰ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ደስ አይልም፤ ግን ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ። ልጅቷ ለሥራዬ ያዘንኩ መስሏት የታሸገ ውሃ ገዝታልኝ መጣች። ያለቀስኩት ለአማረች ነበር። ይህንንም የምጽፈው ስለ እሷ ነው፤ ስለ ራሴ የማወራው እዚያ ለመድረስ የሚበቃውን ያህል ነው።

ኖታ የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ ኳየር የሌለው ጉባኤ የለም፤ እኔም ገና ድምፄ ሳይጎረምስ ዶ ሬ ሚ ስል አደግኩ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ በአንድ የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዘጠኝ ዓመት ነፋሁ። አንድ ቀን በዝናብ ከመኪና ላይ ስወርድ አዳልጦኝ ሁለት የፊት ጥርሶቼን አጣሁ። ትራምፔት በከንፈር ቢነፋም ከንፈሩ የሚደገፈው ጥርስ ላይ ነው። አለቃዬ «በቃ ይሄ ሰው ጥበቃ ይሁን» ሲል ባሻ በየነ የሚባሉ ሽማግሌ «ኖታ ያነብ የለ? ለእኔ ስጡኝ» አሉ። ባሻ የባህል አዳራሹ ኖታ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ በክፍሉ ከሳቸው በቀር ሰው አልነበረም።

የኖታ ገልባጭ ሥራ ቀላል ይመስላል። ደራሲው የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ በአንድ ትልቅ ወረቀት ይጽፋል፤ ገልባጩ ከዚያ ላይ የቫዮሊኑን ለቫዮሊን፣ የከበሮውን ለከበሮ እየነጠለ ይጽፋል። ባሻ ለዚህ ሥራ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ነበር የሚቀመጡት። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፤ መቅረጫ ማሽን ቢሰጧቸው «ይሄ እርሳስ ያኝካል» ብለው መለሱት። እየጻፉ ያንጎራጉራሉ። ዕረፍት ሲደርስ እንኳ አይዘሉም፤ ሙዚቀኛው ሃያ ሜዠር፣ ማለት ሃያ የምት ክፍል፣ ዝም የሚል ከሆነ እሳቸውም ሃያውን ሜዠር በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ዝም ይላሉ። በዚያ ሰዓት የገባ ሰው ሰላምታ አያገኝም፣ ሚኒስትርም ቢሆን።

ሁለት ነገር አስተማሩኝ። አንደኛው፣ ገጽ የሚገለበጠው ሙዚቀኛው በሚያርፍበት ቦታ እንዲሆን አድርገህ ጻፍ የሚል ነው። «ሦስተኛ እጅ የለውም እኮ!» ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ዕረፍቱ እስኪመጣ ድረስ ያለውን ኖታ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ገጹ ግርጌ ማስገባት ነው። ሁለተኛው፣ የጻፍከውን ሙዚቀኛው ፊትህ ቆሞ ሳይነፋልህ ጨረስኩ አትበል የሚል ነው። ሁለተኛው ለእኔ ይከብደኝ ነበር። የጻፍኩት ሲመረመር የተጠረጠርኩ ይመስለኛል። ኩራተኛ ነበርኩ፤ እሳቸውም ያውቁት ነበር።

ባሻ አንድ ቀን ሙሉ ባንዱ ልምምድ ላይ ሳለ ተነሡና ኮፍያቸውን አውልቀው «ትናንት ሁለተኛ ትራምፔት የሳተው እኔ አሳስቼ ጽፌለት ነው» አሉ። ማንም አላስተዋለም ነበር። ኋላ «ምን አስቸኮለዎት? ማን ጠየቀዎት?» ብላቸው «ልጁ ጆሮውን ሲጠራጠር እንዳያድር ነው» አሉኝ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ አረፉ። ክፍሉ የእኔ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስንቱ አለቃ መጣ፣ ስንቱ ሄደ። አንዱ በእርሻ የተመረቀ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ከሙዚቃው ይልቅ የግቢውን አበባ አሳምሮልን ሄደ። ሌላው ከክፍሉ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ክብ ማህተም ይመታበት ብሎ አዘዘ፤ ማህተሙ ያረፈበትን ቦታ ቫዮሊኖቹ በግምት ነበር የሚጫወቱት። ደመወዙ እንደ መንግሥት ደመወዝ ነው፤ አያኖር፣ አይገድል። ልጆቼን አስተማርኩበት።

መምህር ናትናኤል ወደ ክፍሌ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሙዚቃ ተምሮ ወደ ትውልድ ከተማው ሐዋሳ የተመለሰ ወጣት ነበር። «ጋሽ ደምሴ፣ ሰው የሚስቅበት የሙዚቃ ትያትር ጽፌያለሁ» አለኝ። ርዕሱ «ኮቱ አለ» ይላል። ታሪኩን ሲነግረኝ ገና ሳይጨርስ ሳቅኩ። አንድ መሥሪያ ቤት አለ። አለቃው ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው ወጥተዋል። ባለጉዳይ መጥቶ «አለቃው አሉ?» ሲል «ኮታቸው አለ» ይባላል። ቀን ቀንን ሲወልድ ሠራተኛው ለኮቱ እጅ መንሳት ይጀምራል፤ ለኮቱ ሪፖርት ይቀርባል፣ ለኮቱ የልደት ቀን ይከበራል። በመጨረሻ ኮቱ ይሾማል። እኛ አገር ይሄንን ማብራራት አያስፈልግም።

ትያትሩን በሙሉ ለመሥራት አቅም አልነበረም። ስለዚህ በኮንሰርትና በትያትር መካከል እንዲሆን ተወሰነ። ኦርኬስትራው መድረኩ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ አንድ ወንበርና አንድ ኮት ብቻ ይደረጋል። ዘፋኞቹ የራሳቸውን ልብስ ለብሰው ፊት ይቆማሉ። በር የለም፤ ዘፋኙ አየሩን በእጁ ሲያንኳኳ ከበሮው ኳ ኳ ይላል። ሠላሳ አራት ሙዚቀኛ ከያለበት ተለቃቀመ፦ ከማርሽ ባንድ፣ ከሙዚቃ አስተማሪዎች፣ ከባህል ቡድኑ ክራርና ዋሽንት። ሠላሳ አራቱንም ኖታ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጽፌ አላውቅም።

በዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ አንድ የማያስቅ ዘፈን ነበር። የቤቷ ፋይል የጠፋባት መበለት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ ቆይታ፣ በመጨረሻ ለብቻዋ ከኮቱ ጋር ትቀራለች። አቧራውን ከትከሻው እያራገፈች ታዜማለች፦

«ትከሻህ አቧራ ይዟል፣ ላራግፍልህ ኮቱ፤
የእኔን ማን ያራግፍልኛል? ስንት ሆኑ ዓመታቱ?»

ናትናኤል «ይሄን የሚዘፍንልኝ ሰው አጣሁ፤ ሁሉም ይጫወቱታል እንጂ አያምኑትም» አለኝ። እኔ አማረችን አልኩት። አማረች በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ትዘምር ነበር። መሃል ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ያኔ ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነበር፤ አፍ የፈታችው በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛዋ ለስለስ ያለ የራሱ ዜማ አለው። ፋይል የሚያመላልሱ መበለቶችን በየቀኑ ፊት ለፊት ታያለች። ናትናኤል አንዴ ሰምቷት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ችግሩ ሽማግሌዎቻችን ነበሩ። የኳየር አባል ዓለማዊ መድረክ ላይ አይወጣም። ለልመናው የሄድኩት እኔ ነኝ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዮሴፍ አዲስ ከተማ ሰፈር የእህል መጋዘን ያላቸው፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው።

«ደምሴ፣ እህታችን ለኮት ትሰግዳለች እንዴ?» አሉኝ።

«አትሰግድም። ቀጥ ብላ ቆማ ነው የምትዘፍነው።»

«ሰው ሊስቅ የሚሄድበት ቦታ ነው። ይሳቅባት?»

«በዚህ ዘፈን ማንም አይስቅም፣ አቶ ዮሴፍ። እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ፈቀዱ። አማረች ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። «ጋሼ፣ በሕይወቴ ለብቻዬ ቆሜ ዘምሬ አላውቅም» አለችኝ።

የመስመሩን ኖታ ስለማታነብ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤቱ እየሄድኩ በቃሏ አስጠናኋት። ጆሮዋ ልዩ ነበር፤ አንዴ የሰማችውን አትለቅም። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነው።

«መነሻዬን በምን አውቃለሁ?»

«ከአንቺ በፊት ክላርኔቱ አራት ሜዠር ለብቻው ይነፋል። መጨረሻ ላይ የሚይዘው ድምፅ የአንቺ ድምፅ ነው። እሱን ውሰጂ።»

«ሌላው ቢጮህብኝስ?»

«ይጩህ! አንቺ ክላርኔቱን እመኚ።»

ትርኢቱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሐሙስ ዕለት አማረች ጉንፋን ያዛት፤ ከላይ ያለው ድምፅ እንቢ አላት። ናትናኤል አርብ ጠዋት መጥቶ «ጋሽ ደምሴ፣ ዘፈኑን አንድ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። ዛሬ አንድ ቁልፍ ነው። ያኔ ግን የሠላሳ አራት ሰው ወረቀት እንደገና ጽፎ፣ በአሮጌው ላይ በሙጫ መለጠፍ ነበር። ተቀመጥኩ። ከስድስት ሰዓት በፊት ጨረስኩት። ናትናኤል አቅፎኝ ሙዚቀኞቹ ፊት «እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!» አለ። አጨበጨቡልኝ።

ከሰዓት በኋላ ተለማመዱት። ክላርኔት የሚነፋው ጀማል ጁምዓ ሶላት ሄዶ ስለነበር የመግቢያውን ድምፅ ናትናኤል በፒያኖ ሰጣት። ግሩም አድርጋ ዘፈነች። ጀማል ሲመለስ ሌሎቹ እየተበተኑ ነበር። «የእኔን ልሞክረው?» አለኝ። ባሻ ቢሆኑ በሩን ቆልፈው ያስነፉት ነበር። እኔ ገና ጭብጨባው ከጆሮዬ አልወጣም። «ምን ይሞከራል? አራት ሜዠር ነው። ነገ እንገናኝ» አልኩት። ደክሞኝ ነበር ብል ያምርልኝ ነበር፤ አልደከመኝም። ኮርቼ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የጀማልን የዘፈኑን ገጽ በአዲስ ሸፍኜዋለሁ። ነገር ግን ለብቻው የሚነፋት አራት ሜዠር ያለችው በዚያ ገጽ ላይ አይደለም። ገጽ መገልበጫ ዕረፍት እንዲያገኝ ብዬ፣ እንደ ደንቡ፣ ከዚያ በፊት ባለው የጭፈራ ሙዚቃ ገጽ ግርጌ ጠጋ አድርጌ ጽፌያት ነበር። እዚያው በአሮጌው ድምፅ ቀረች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ባለሥልጣኑም መጣ፤ ከጉባኤያችንም አማረችን ሊሰሙ የመጡ ነበሩ። ሰው ገና ከመጀመሪያው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከአማረች በፊት የጥበቃዎቹ ጭፈራ ነበር፤ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያባራ ክላርኔቱ አራቱን ሜዠር ነፋ። አዳራሹ አልሰማውም፤ ናትናኤልም አልሰማውም፤ ከአጠገቡ የቆመችው አማረች ግን ሰማች። እንደነገርኳት ድምፁን ወሰደች። አፏን ከፈተች።

ኦርኬስትራው አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ገባ።

የግራ ጫማውን በቀኝ እንዳደረገ ሰው ሆነ ነገሩ። አማረች ደንግጣ ወደ እነሱ ወረደች፤ በዚያው ቅጽበት ሁለት ቫዮሊኖች ደንግጠው ወደ እሷ ወጡ። እንደገና ተላለፉ። ከጉንፋኗ ጋር ድምፁ ተሰነጠቀባት። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ረድፍ ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? አንድ ሰዓት ሙሉ ሳቁ ብለናቸዋል፤ ይሄም የቀልዱ ክፍል መሰላቸው። ከኋላ አንዱ «በርቺ እናቴ፣ ኮቱ እየሰማሽ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ባሰ።

አማረች ዘፈኑን አቆመች። እጇ ኮቱ ትከሻ ላይ እንዳለ ነበር። አንገቷን ወደ መድረኩ ጥግ አዙራ እኔን ፈለገች፤ አገኘችኝም። እኔ ወደ ወረቀቶቼ አጎነበስኩ። ከዚያ ለአቶ ዮሴፍ እንዳልኩት ቀጥ ብላ ከመድረኩ ወረደች። አጨበጨቡላት።

ያኔውኑ ገብቶኛል። ሰው ገና ሳይወጣ፣ እንደ ልማዴ ኖታዎቹን ስሰበስብ፣ የጀማልን ፎልደር ይዤ ኋላ ክፍል ገባሁና አራቱን ሜዠር ዝቅ አድርጌ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለጠፍኩበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ናትናኤል አመድ መስሎ መጣ። «ጀማል፣ ምንድን ነው የነፋኸው?»

«የተጻፈውን» አለ ጀማል።

ናትናኤል ፎልደሩን ከእጄ ተቀብሎ አየ። ኖታው ልክ ነው። የተነፋው የተጻፈው ነው። እንግዲያው የሳተችው እሷ ናት። እንዲህ ብሎ የተናገረ ማንም የለም፤ ግን ሁላችንም እዚያው ደረስን። ጀማል ገጹን ተቀብሎ አውራ ጣቱን ቁራጯ ላይ አሳለፈ። ሙጫው ገና እርጥብ ነው። ጣቱን አይቶ ሱሪው ላይ ጠረገው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ገጹን መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሰላምታ በስተቀር አናግሮኝ አያውቅም። ሲሞት ለቅሶ ሄድኩ፤ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ወጣሁ።

አማረች ጓሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳያት ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ ክላርኔቱን ነው የወሰድኩት። እኔ ነኝ የሳትኩት?»

«ያጋጥማል፣ አማረች» አልኳት። «ጉንፋንም አለብሽ። ያጋጥማል።»

ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ ትርኢቱ ሲደገም ዘፈኑን ሌላ ሴት ዘፈነችው። ክላርኔቱ አራቱን ሜዠር በትክክል ነፋ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንድም ሰው አልሳቀም፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። ያ ጸጥታ የአማረች ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለሦስት ወር ከኳየር አሳረፏት። አቶ ዮሴፍ እኔን «ዋስ ነኝ ብለህ ነበር» ብቻ አሉኝ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ኳየሩ ሊመልሳት ቢጠራት እንቢ አለች። ምክንያት አልሰጠችም። እሁድ እሁድ ከጉባኤው ጋር ተቀምጣ፣ ሁሉ ሲዘምር አፏን ገጥማ አያት ነበር። ማየቱ ሲከብደኝ ወደ ጠዋቱ ፕሮግራም ተዛወርኩ። ለሚስቴ «ፀሐይ ሳይበረታ ይሻለኛል» አልኳት። ስምንት ዓመት እንደዚያ ሄደ።

በርክክቡ ሦስተኛ ቀን ከደረጃው ተነሥቼ ስመለስ «ኮቱ አለ» የሚለውን ፎልደር አወረድኩት። የክላርኔቱን ገጽ አወጣሁ። ሙጫው ደርቆ ኖሮ ቁራጯ ሳልነካት ዳሯ ተነሥቷል፤ ሥሯ አሮጌው አራት ሜዠር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወጣቷን «ይህን አንድ ገጽ አጉድለሽ ተረከቢኝ» አልኳት። «ግድ የለም ጋሼ፣ አትመዋለሁ» አለችኝ።

በማግሥቱ መሃል ከተማ፣ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። አማረች ፀጉሯ ሸብቷል። ከመስኮቱ ኋላ ሆና «ጋሼ! በሰላም ነው? ፋይል ፈልገው ነው?» አለችኝ። ገጹን መስኮቱ ላይ ዘረጋሁ። ቁራጯን አንሥቼ አሳየኋት። ኖታ ስለማታነብ ሁሉንም በቃሌ ነገርኳት፤ አርብን፣ ጭብጨባውን፣ ጀማልን፣ ሙጫውን። ምንም አላስቀረሁም። ከኋላዬ ሁለት ባለጉዳዮች ቆመው ይሰማሉ፤ ይስሙ አልኩ።

አማረች የተነሣችውን ቁራጭ በጣቷ መልሳ ተጫነቻት።

«እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ክላርኔቱን በትክክል ሰምቼው ነበር። ጆሮዬ ልክ ነሽ ይለኝ ነበር። እርስዎ ያጋጥማል ሲሉኝ... ከጆሮዬ እርስዎን አመንኩ። ጋሽ ደምሴ ኖታ አዋቂ ናቸው፣ እኔ ማን ነኝ አልኩ።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ኳየሩ ሲጠራኝ ያልተመለስኩት ለዚያ ነው። አብረውኝ የሚዘምሩትን አሳስታለሁ ብዬ። ቤቴ እንኳ ልብስ ሳጥብ ማንጎራጎር ጀምሬ አቆማለሁ። ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ለእኔ ነገሩኝ። ሳቁን ያዩት ግን የጉባኤው ሰዎችም ናቸው» አለች። «እሁድ በእኛ ፕሮግራም ይምጡ። እኔም እሰማለሁ።»

እሁድ ሄድኩ። እኛ ጋ ከስብከት በፊት ምስክርነት አለ፤ ጌታ ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ ተነሥቶ ማይክ ይቀበላል። ሰው ከበሽታ ስለመፈወሱ፣ ሥራ ስለማግኘቱ ይናገራል፤ ጉባኤው እልል ይላል። እኔ ተነሣሁና «እኔ የምመሰክረው ስላደረግሁት ነው» አልኩ። ገጹን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ተናገርኩ። «አሜን» ሊሉ የተዘጋጁት እጃቸውን አወረዱ። ስጨርስ የማይኩን መዝጊያ አላገኘሁትም፤ ትንፋሼ በአዳራሹ ሁሉ ይሰማ ነበር።

አቶ ዮሴፍ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት አሁን። ከፊት ረድፍ ተነሡ። ወደ እኔ አልመጡም፤ ወደ አማረች ዞረው «እህቴ፣ እኛም ሳንጠይቅ ፈርደንብሻል» አሉ። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተቀመጡ።

አማረች ከመቀመጫዋ ተነሣች። ማንም አልጠራትም። ኳየሩ ወዳለበት ወጣች፤ ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት። ኳየሩ ጀመረ። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የእሷን ለየሁት። መጀመሪያ ደህና ነበር። መዝሙሩ ከፍ ወደሚልበት ሲደርስ ግን ድምፅዋ አልወጣም። አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ አልመጣም። ገጠመችና አጠገቧ ላለችው ወጣት ተወችላት። በትርኢቱ ዓመት፣ ያለጉንፋን፣ ያንን ድምፅ ቆማም ተቀምጣም ታወጣው ነበር። እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያስጠናኋት እኔ ነኝ።

ጉባኤው ሲወጣ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኳት። ሰዎች እጄን እየጨበጡ «ተባረክ» ሲሉኝ አንገቴን እደፋ ነበር። መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን ቀሎታል።

«ድምፅሽ...» ብዬ አቆምኩ።

«አወቅኩት» አለች። «ጆሮዬ ተመልሶልኛል ጋሼ። መጀመሪያ የነገረኝ ድምፄ መሄዱን ነው።»

ሴቶቹ ከውስጥ ለልምምድ ይጠሯታል። ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞረች።

«በሚቀጥለው እሁድስ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ» አልኳት።